ቀድሞ ተናጋሪ የጠፋበት ኪራይ

ለእንግሊዛዊ ሰው ፊት ለፊት «ልለቅ ነው» ከማለት ሞት ይቀለዋል። ክላይቭም የእንግሊዟ ሃሊፋክስ ልጅ ነውና፣ የአንድ ዓመት የቤት ኪራይ ውሉ ሲያልቅ ሻንጣውን ሸክፎ አከራዩን ሚስስ ታተርሳልን ሲያይ አፈረና የሚቀጥለውን ወር ኪራይ ከፈለ። እሷም ተቀበለች። በቃ፣ በአገሩ ሕግ ውሉ ወር በወር የሚታደስ ሆነ።

በዘጠነኛው ዓመት፣ ደጅ ቆመው ዝናቡን ሲያሙ ክላይቭን ምስጢሩ አመለጠው።

«እኔ'ኮ ያኔ ልለቅ ነበር፤ ቅር እንዳይልዎት ብዬ ነው የከፈልኩት።»

«ውይ በሞትኩት! እኔም ቤቱን ለእህቴ ልጅ ፈልጌው ነበር፤ ‹ውጣ› ማለት ከብዶኝ ነው የተቀበልኩህ!»

በሳቅ ፍርፍር አሉ።

ማግስቱ ወር መግቢያ ነበር። ክላይቭ የተቀየመ እንዳይመስልበት ከፈለ። እሷም ያባረረችው እንዳይመስለው ተቀበለች።