ዘግይተው የተጣሉት አስራ አንዱ

መሐንዲሷ ኤመሼ ሥራዋን ታውቃለች፤ ይህን ጠላቷም አይክድም። በዛላ ኮረብቶች መካከል ባለው የመኪና መፈተኛ ሜዳ ሦስት ከባድ መኪናዎች በስምንት ሜትር ርቀት ተከታትለው በሰማንያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይነዳሉ። የፊተኛው ፍሬን ሲይዝ ለኋለኞቹ በሬዲዮ ይነግራቸዋል፤ ወሬው መድረስ ያለበት ዓይን ተርገብግቦ ሳያበቃ ነው። በጸደይ ወራት ግን ይዘገይ ነበር፤ የክፍሉ ኃላፊ ሃላሲ በየሰኞው የዘገዩትን መልእክቶች ሰንጠረዥ እያየ ፊቱን ያጠቁራል። በሰኔ ኤመሼ በመኪናዎቹ የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ አንዲት መስመር ጨመረች። ከሰከንድ አንድ ሃያኛ በላይ የዘገየ መልእክት እንደ አሮጌ ወሬ ተቆጥሮ ይጣል የምትል መስመር ናት።

ነገሩ የሞኝ አልነበረም። ያለፈበትን ወሬ አምኖ የሚነዳ መኪና እንደሚሳሳት ሁሉም ያውቃል። ግን የተጣለ መልእክት እንደ ዘገየም አይቆጠር፣ እንደ ጠፋም አይቆጠር፤ ሰንጠረዡ ባንድ ሳምንት አማረ። ሃላሲ ቢራ ጋበዘ። «የተጣለውስ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልተገኘም። ደስ የሚል ቁጥር ማን ይመረምራል?

በጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የፊተኛው መኪና ፍሬን ያዘ። ሁለተኛው ሰምቶ ያዘ። ሦስተኛው አልሰማም። የሁለተኛው ሾፌር ደኔሽ በሁለቱ መካከል ተጨፍልቆ እዚያው ሞተ፤ የሦስተኛው ሾፌር ባርናባሽ ሁለቱንም እግሮቹን አጣ። የሾፌሮቹ መመሪያ አጭር ነው፤ ፊታቸው ያለው ቀይ መብራት ካልበራ ፍሬን አይነኩም። መብራቱን የሚያበራው ደግሞ መልእክቱ ነው። ሰንጠረዡ «የዘገየ መልእክት የለም» ስለሚል፣ መርማሪዎቹ መብራቱ በርቷል፣ ሾፌሩ ግን ተኝቶ ነበር ብለው ደመደሙ። ባርናባሽ ጭንቅላቱ ተመትቶ ስለነበር ከዚያ ጠዋት የሚያስታውሰው ነገር የለም። የተባለውን አመነ።

ደኔሽ የባርናባሽ እህት የፒሮሽካ ባል ነበር። የሞተው ባልሽ፣ የገደለው ወንድምሽ፣ ሀዘንሽ ቅጥ አጣ ከቤትሽ አልወጣ የተባለው ለእሷ ነው።

ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ኤመሼ እንቅልፍ ቢነሳት በዚያ ጠዋት የተጣሉትን መልእክቶች ከፍታ አየች። አስራ አንድ ናቸው። አስራ አንዱም «ፍሬን ያዝ» ይላሉ። አስራ አንዱም የሰከንድ አንድ አምስተኛ ዘግይተው ሦስተኛው መኪና ደርሰዋል፤ አስራ አንዱንም የእሷ መስመር ጥላቸዋለች። አትማ ለሃላሲ ወሰደችለት።

«ሌላ ማን አይቶታል?» አላት።

«ማንም።»

«እንግዲያው ሆድ ይፍጀው። ሰውየው ራሱ ተኝቼ ነበር ብሎ ፈርሟል። አንቺ ከእሱ በላይ ልታውቂ ነው?»

«አዎ፣ ከእሱ በላይ አውቃለሁ።»

«ጎበዝ። መስመሯን የጻፈቻት ማን እንደሆነችም እንግዲህ ታውቂያለሽ።» ወረቀቱን መልሶ ሰጣትና ስልኩን አነሳ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄደች። ባርናባሽ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ተኝቷል፤ ሰው የሚጠብቅ ይመስላል። ሲያያት ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ተቀመጪ፣ መሐንዲሷ። ጊዜ አለኝ፣ የትም አልሄድብሽም።»

«ጋሽ ባርናባሽ፣ እርስዎ አልተኙም ነበር።»

«ተይኝ ልጄ። ሰላሳ አራት ዓመት አንዲት ዶሮ ሳልገጭ ነዳሁ። አንድ ቀን አሸለብኩ፣ የእህቴን ባል ገደልኩ። አለቀ።»

ሁሉንም ነገረችው። መስመሯን፣ አስራ አንዱን መልእክቶች፣ ሳይበራ የቀረውን መብራት። ዓይኑን ከጣሪያው ሳይነቅል አዳመጣት።

«ባትጥያቸውስ ኖሮ?»

«መብራቱ ይበራልዎትና ፍሬን ይይዙ ነበር። መጋጨቱ ላይቀር ይችላል። ደኔሽ ግን አይሞትም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጣልሻቸው?»

ስለ አሮጌ ወሬ አደገኛነት የተዘጋጀችበት ረጅም መልስ ነበራት። አፏ ላይ ሲደርስ አፈረችበት።

«ቁጥሩ እንዲያምር» አለች።

ባርናባሽ አልተቆጣም፤ ቢሰድባት በቀለላት። እጁ ብቻ ብርድ ልብሱን ጨምድዶ ያዘ።

«ፒሮሽካ በዚህች በር ገብታ አታውቅም» አለ። «ነርሶቹ ጋ ደውላ መሞት አለመሞቴን ትጠይቃለች አሉኝ። ሂጂና ለእሷ ንገሪያት። ዛሬውኑ።»

ኤመሼ ከሆስፒታሉ እንደወጣች አስራ አንዱን መልእክቶች ለመርማሪዎቹ ላከች። ከዚያ ወደ መንደሩ ነዳች። ፒሮሽካ ጥቁር ለብሳ በሩን ከፈተችላት፤ ወጥ ቤት አስገባቻት እንጂ ወንበር አላቀረበችላትም። ኤመሼ ቆማ ተናገረች። ለሁለተኛ ጊዜ መናገር አልቀለላትም።

ፒሮሽካ እስከ መጨረሻው ሰምታ የምድጃውን እሳት አጠፋች።

«ከራሴ ጋር ስታገል ነው የሰነበትኩት» አለች። «ቄሱም መጥተው ነበር። ሰው ነው፣ ደክሞት ተኛ፣ ይቅር እለዋለሁ፣ ቅዳሜ ሄጄ አየዋለሁ ብዬ ገና ዛሬ ጠዋት ቆረጥኩ። የተኛን ሰው ይቅር ማለት እችላለሁ። አንቺን ግን ምን ላድርግሽ? አንቺ ነቅተሽ ነበር።»

«ምንም አያድርጉኝ፣ እትዬ ፒሮሽካ። ይቅርታ ልለምን አይደለም የመጣሁት።»

«መለመን ያለብኝስ እኔ ነኝ» አለች ፒሮሽካ። ኮቷን ከሚስማሩ አውርዳ መልበስ ጀመረች፤ እጅጌው እምቢ አላት። «ያለ ጥፋቱ ይህን ሁሉ ቀን ብቻውን ተጋድሞ ተውኩት። እግሩ ላይ ወድቄ ማረኝ እንዳልለው፣ እግር እንኳ የለውም።»

ኤመሼ እጅጌውን ልትይዝላት እጇን ዘረጋች። ፒሮሽካ የኤመሼን እጅ ገፋ አድርጋ፣ ኮቱን በአንድ ትከሻዋ እንዳንጠለጠለች ወጣች።