በሙታን ማዕድ ላይ የቁም ሰው

ኤውላሊያ የገበያ ዘንቢሏን አንጠልጥላ የጓናጁዋቶ ከተማን ጠባብ አቀበት ስትወጣ፣ ባሏ ፌርሚን በደጃቸው ደረጃ ላይ ተንበርክኮ ቢጫ አበባ ሲነሰንስ አገኘችውና ሳቋ አመለጣት። ሙታን በዓመት አንድ ቀን ወደየቤታቸው ሲመጡ የሚመራቸው ይህ አበባ ነው። መነስነሱ ግን የሴትና የልጅ ሥራ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የብር ማዕድን ሲቆፍር የኖረው ፌርሚን በየዓመቱ «ሙታን ቤታቸውን አይስቱም» ብሎ ወንበሩ ላይ ይንጋለላል እንጂ አንዲት አበባ ነክቶ አያውቅም።

«ዘንድሮስ ምን ታየህ? በሰማይ ቤት የእናትህ ዓይን ደክሟል ብለው ነገሩህ እንዴ?»

ቀና አላለም። «ግቢ፣ ዳቦው እንዳይደቅብሽ» አለ ብቻ።

«ደግሞ ይኮራብኛል!» እያለች አለፈችው። ወገቡን ሳያመው አይቀርም ብላ አሰበች። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ጥርሴን ብሎ እህል አይቀምስም።

ቤት ውስጥ ስልክ ይጮሃል። የካሪን ነው። ካሪን እስፓኒሽና የአገሩን ባህል ልትማር ከካናዳ የመጣች ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲው እንደ እሷ ያሉትን በየሰዉ ቤት ያሳድራል፤ እሷ የደረሰችው እነ ኤውላሊያን ነው። የዛሬ የቤት ሥራዋም የሙታኑን ማዕድ ከቤተሰቡ ጋር ማሰናዳት ነበር። ጨዋ ልጅ ናት፣ ሳህን ታጥባለች፣ ሲያርሟት አትቆጣም። አንድ ነገሯ ብቻ ኤውላሊያን ያበግናታል፤ እናቷ ስትደውል ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትደፋውና «በኋላ» ትላለች። ኤውላሊያ ደግሞ ልጇ ኤልፒዲዮ በበረሃ ድንበሩን ሊሻገር ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር የያዘችውን ጥላ የምትሮጥ ሴት ናት። በመስከረሙ የነጻነት በዓል ማግስት «እማ፣ ነገ በረሃውን እንጀምራለን» አላት፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ የለም።

ማዕዱ ሳሎኑ ጥግ ላይ አምሮ ተሰናድቷል። ሻማው በርቷል፣ ውሃና ጨው ቀርቧል፣ የእናቷና የአማቷ ፎቶ በየቦታቸው ቆመዋል። ዳቦውን ልታኖር ጎንበስ ስትል፣ በሁለቱ አሮጊቶች መካከል ኤልፒዲዮ ፈገግ ብሎ አያት።

ዘንቢሉ ወድቆ ብርቱካኑ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

እዚህ ማዕድ ላይ የቁም ሰው አይቀመጥም። ከሟች ጋር አብሮ ፎቶ የተነሣ ሕያው ሰው ቢኖር እንኳ በመቀስ ተቆርጦ ይወጣል። ሞት ስም ጠርተው የሰጡትን አይመልስም ይባላል። ኤውላሊያ ፎቶውን ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችውና ሻማውን እፍ ብላ አጠፋችው። ካጠፋችው በኋላ ደግሞ ማጥፋቷ ራሱ ሟርት መሰላት።

«ካሪን!»

ልጅቷ ልብስ ከምታሰጣበት ሰገነት እየሮጠች ወረደች።

«ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ? ልጄን በቁሙ ቀበርሽው!»

«እኔ?»

«አንቺ ነሻ! መኝታ ቤቴ ገብተሽ ‹ይሄ ቆንጆ ማነው፣ ለምን ደበቁት› ያልሽኝ ማን ነበር?»

የካሪን ፊት አመድ መሰለ። «እኔ አይደለሁም ወይዘሮ ኤውላሊያ፣ በእግዚአብሔር። የቁም ሰው እንደማይቀመጥ መምህራችን ከሁሉ በፊት ነግራናለች። እኔ ሻማና ውሃውን አስቀምጬ ወጣሁ። ቅድም ስወርድ ፎቶውን አየሁት፣ እርስዎ ያስቀመጡት መሰለኝ።» ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ልጠይቅዎት ፈራሁ።»

«እኔ ላስቀምጥ? ምን ሆኜ?» ብላ ኤውላሊያ ወደ ማዕዱ ዞረች፤ ልትረግም የጀመረችውን ትታ ጎንበስ አለች። ፎቶው ከቆመበት ቦታ ፊት ግማሽ የኦቾሎኒ ጣፋጭ ተቀምጧል።

ኤልፒዲዮ ትንሽ ልጅ ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ ማዕድን ማውጫው በር ላይ አባቱን ይጠብቅ ነበር። ፌርሚን ያን ጣፋጭ ከኪሱ አውጥቶ ለሁለት ይገምሰውና ግማሹን ለልጁ፣ ግማሹን ለራሱ ያደርጋል። ሲነኩት እንደ አሸዋ የሚፈርስ ነገር ነው፤ በቤቱ ሳይፈርስበት የሚገምሰው ፌርሚን ብቻ ነበር። ይሄም አልፈረሰም።

ደጁን አየችው። መውጣት ፈራች። ካልጠየቀችው ኤልፒዲዮ በሕይወት አለ፤ ዳቦውን አኑራ፣ ብርቱካኑን ለቅማ፣ እራት ብትሠራ ዛሬም አለ። ኤውላሊያ ምጥ ላይ ሞትን አይታዋለች፣ የማዕድኑ ዋሻ ፌርሚን ላይ የተናደ ቀንም አይታዋለች፤ እንዲህ ፈርታ ግን አታውቅም። ግድግዳውን ተደግፋ ወጣች።

ፌርሚን አበባውን እየነሰነሰ ወደ ታች ርቋል።

«ማን ነገረህ?» አለችው።

እጁ አበባው ላይ እንደተጨበጠ ቀረ። «አብሮት የተሻገረው ልጅ። ሰኞ ሥራ ቦታ ደወለ።»

«ምን አለህ?»

«ሌሊት ተነጣጠሉ፣ ልጃችን መንገድ ጠፋው። ኋላ ነው በረሃው ላይ ያገኙት።» አሁንም ቀና አላለም። «ስንቴ ልነግርሽ መጣሁ መሰለሽ። አፌ እምቢ አለኝ፣ ኤውላሊያ። ፎቶውን ስታየው ይገባታል ብዬ...»

ከኋላዋ ስልኩ እንደገና ጮኸ፤ ካሪን በሩ ላይ ቆማ ይዛው ነበር።

«እናትሽ ናት?»

«አዎ። በኋላ እደውልላታለሁ፣ አሁን...»

«አሁን አንሺው!» ብላ ጮኸች ኤውላሊያ፤ ጎረቤት ሁሉ መስኮት ከፈተ። «ድምፅሽን አሰሚያት!»

ካሪን ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ በእንግሊዝኛ ማልቀስ ጀመረች።

ኤውላሊያ ፎቶውን ደረቷ ላይ ደግፋ ደረጃውን ወረደች። ቢጫው መስመር ከደጃቸው ተነሥቶ ማዕዘኑ ጋ ወደ ግራ ታጥፏል።

«ወዴት ነው የምትነሰንሰው?»

«ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነዋ፤ ሁሉም በዚያ አይደል የሚመጣው።»

«ልጄ በዚያ አልወጣም። እኔ ነኝ የሸኘሁት፤ በቀኝ ነው፣ በመናኸሪያው በኩል።» የአበባውን ቅርጫት ከእጁ ተቀበለችና አጠገቡ ተንበረከከች። የነሰነሰውን በመዳፏ ወደ ቀኝ ትጠርገው ጀመር። «እንዲህ ትተነው ዳግመኛ ይጥፋ?»