«ዱዌ» ላይ

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጠሃ እባላለሁ። በጣሊያን ጊዜ ቡሬ ላይ ቋንቋቸውን ትንሽ ትንሽ ስለምሰማ ብቻ የፎቶ አንሺያቸው ረዳት አደረጉኝ። እስረኞቹን ደጅ ማውጣት ስለተከለከለና የታጎሩበት የእህል መጋዘንም ጨለማ ስለነበር ያለ ብርሃን ምስል አይወጣም። ጣሊያኑ «ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ» ብሎ ይቆጥራል። «ትሬ» ሲል የካሜራውን ክዳን ያነሳል፤ እኔም ያኔውኑ ቆርቆሮ ላይ የፈሰሰውን እንደ ባሩድ የሚነድ ዱቄት እለኩሳለሁ። ቦግ ብሎ ይጠፋል። ክዳኑ ሳይነሳ ከለኮስሁት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከእስረኞቹ አንዱ ደረሰ ይባላል፤ የጅጋ ገበሬ፣ ማር የሚያመጣልኝ የቆየ ወዳጄ። ለአርበኞች ስንቅ ያቀብል እንደነበር አውቃለሁ። ፎቶውን ለባንዳ አሳይተው ሊያስለዩት ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ሚስቱ እማዋይሽ ሱቄ መጣች።

«ጠሃ ወንድሜ፣ መልኩ እዚያ ወረቀት ላይ ከቀረ አለቀለት። መቸም አንተ መላ አታጣለትም» አለችኝ።

አላጣሁለትም። ደረሰን የወረፋው መጨረሻ ላይ አቆምሁት። ተራው ለእሱ ሲሆን የቀረው ዱቄት ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነበር። «ኡኖ» አለ ጣሊያኑ። «ዱዌ» ሲል ለኮስሁት።

ክዳኑ እንደተገጠመ መጋዘኑ መልሶ ጨለመ። ጣሊያኑ በጥፊ አጮለኝ፤ ጆሮዬ እየጮኸ በሆዴ ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ብልህ ሰው ቡሬ አልወለደችም ብዬ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እስረኞቹን እዚያው መጋዘኑ ውስጥ አሰልፈው ፎቷቸው የተለጠፈበት ወረቀት ያድሏቸው ጀመር። ወረቀቱን የያዘ ሁሉ ወደ ቤትህ ሂድ ተባለ። ለካስ የይለፍ ወረቀት ኖሯል። ደረሰ ተራው ሲደርስ አስተርጓሚው «ይኼ ፎቶ የለውም» አለና የጭነት መኪና ላይ አወጡት። ፎቶ አንሺው እግር ላይ ወድቄ ለመንሁ። ዱቄት ከደብረ ማርቆስ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል ብሎኝ አለፈ። ደረሰ ከመኪናው ላይ ሆኖ ያየኝ ነበር። ወዴት እንደወሰዱት የነገረን የለም።

እኩለ ቀን ላይ እማዋይሽ አንድ ቅል ማር ይዛ መጣች። ሌሊቱን ከጅጋ በእግሯ ተጉዛ ገና መድረሷ ነው፤ መንገድ ላይ የሰማችው የትናንቱን ብቻ ነበር።

«ፎቶው አልወጣም አሉኝ። ልጆቼን አባት አላሳጣኻቸውም፤ እግዜር ይስጥህ» ብላ ጉልበቴን ሳመችው። «መቼ ይለቁት ይሆን?»

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ማሩን ተቀበልኋት።