ቄስ ተፈራ ያጽናኑት ሰው

«ማነው እዚያ የቆመው?» አለች ደብሪቱ በሹክሹክታ።

ንግሥት ቀና አላለችም። የአባቷ የቄስ ተፈራ ሣልስት ነበር። የሮቢ ቆላ ሙቀት ገና በጠዋቱ ዳሱ ውስጥ ገብቷል፤ ለቀስተኛው ንፍሮውን በእፍኙ ይዞ ተቀምጧል።

«ካፖርቱ የጣሊያን ነው» አለች ደብሪቱ፣ የንግሥት አክስት። «ለጣሊያን ያደረ አስካሪ ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ምን አመጣው?»

አሁን ንግሥት ዞረች። ከአጥሩ ውጪ አንድ ቀጭን ሰው ራሱን ገልጦ ቆሟል። አይገባም፣ አይሄድም። አወቀችው።

አባቷ እንግዳ ዝም ብለው አያሳልፉም ነበር። ከአሊዩ አምባ ገበያ የሚመለሰውን ነጋዴ፣ ጨው የጫነውን ግመለኛ፣ ሁሉንም ከደጃፋቸው ሆነው «የማን አገር ሰው ነህ? ማን አለህ?» ይሉታል። ሆድ የባሰው ካገኙ ከጎናቸው አስቀምጠው ሲያዋዩት ይውላሉ። ወንድሟ አጥናፉ ልጅ ሳለ ድምፃቸውን አስመስሎ ፍየሏን «የማን አገር ሰው ነሽ?» ሲላት፣ እሳቸው ራሳቸው ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ይስቁ ነበር። ያን ሳቅ ጣሊያን ከገባ ወዲህ አልሰማችውም። አጥናፉ ከአርበኞች ጋር ወጥቶ ጀውሃ መንገድ ላይ በአስካሪዎች ጥይት ወደቀ።

በዓመቱ ጎረቤታቸው ከቢር በቀትር መጣ።

«ቄስ ተፈራ፣ ከወንዙ ዳር አንድ አስካሪ በንዳድ ወድቋል። ጓዶቹ ጥለውት ሄደዋል። አንገቱ ላይ ማተብ አለ፤ ቄስ ጥሩልኝ ይላል። እኔ ውኃ ሰጠሁት፤ የቀረውን አንቱ ያውቃሉ።»

አባቷ መስቀላቸውን አነሱ። ንግሥት በሩ ላይ ቆመች።

«አጥናፉን የገደሉት እነሱ ናቸው» አለች።

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሰውዬው ተስፋ ቆርጦ እየሞተ ነው። አሳልፊኝ።»

አሳለፈቻቸው፤ ግን ከኋላ ተከተለቻቸው። አባቷ አቧራው ላይ ተቀምጠው የሰውዬውን ራስ በጉልበታቸው አስደገፉ። የተናዘዘው አልተሰማትም። ያየችው አባቷ ጎንበስ ብለው ሲያዳምጡት፣ ቆይቶም መስቀሉ ከሰውዬው ከንፈር ላይ ሲያርፍ ነው። ቤት ሲገቡ እህል አልቀመሱም። ምን እንደነገራቸውም አልተናገሩም። ሰውዬው በከቢር ቤት አገግሞ ጠፋ። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷን በደረቁ ነበር የምታናግራቸው፤ ንዳዱ እሳቸውን እስኪወስዳቸው ድረስ።

አሁን ከቢር ዳሱ ውስጥ ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ አጥሩ ሄደ። «ንግሥት፣ አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ» አለ ሲመለስ። «ከጦሩ ከድቶ ማጀቴ አገር በኩል በእርሻ ሲያድር ነው የከረመው። መርዶውን ሰምቶ በእግሩ መጥቷል። ካልፈቀድሽ አይገባም።»

ንግሥት ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ወጣች። ሰውዬው ዓይኗን አላየም።

«ወንድሜን የገደልከው አንተ ነህ?»

«አላውቅም፣ እትዬ። ጀውሃ ነበርኩ፤ ተኩሻለሁም። ለአባታችንም የተናዘዝኩት ይህንኑ ነው።»

«ምን አሉህ?»

«'እዚያ የሞተ ልጅ ነበረኝ' አሉኝ። የምሞት መሰለኝ። 'እግዚአብሔር ለኔ ምሕረት አለውን?' ብዬ ጠየቅኳቸው። 'እኔን ካንተ ዘንድ የላከኝ ምሕረቱ ነው፤ በራሴማ አልመጣም ነበር' አሉኝ። ከዚያ የልጃቸውን የክርስትና ስም ነገሩኝ። 'ከዳንክ በጸሎትህ አስበው፤ አንዳንድ ቀን እኔ አልችልም፤ ስሙን ስጠራ ድምፄ ይጠፋል' አሉኝ።»

«ስሙን ማን አሉህ?»

«ተክለ ማርያም።»

ይህን ስም ከቤተ ዘመድ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ንግሥት የአጥሩን እንጨት ያዘች። አባቷ ያን ቀን በሩ ላይ «አሳልፊኝ» ሲሏት ድምፃቸው ቀጥኖ እንደነበር አሁን ትዝ አላት።

«ታስበዋለህ?»

«በየዕለቱ።»

ቀድማው ወደ ዳሱ ተመለሰች። ደብሪቱ ፊቷን አዞረች። ሰውዬው በር ላይ ሲያመነታ፣ ንግሥት ከቤተ ዘመዱ የጅባ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ወደ ጭኗ ሰበሰበችና ከጎኗ እንዲቀመጥ ጠጋ አለችለት።