የቀጠነ ስጎ

የመጀመሪያውን ንክሻ ውጣዋለች። ሁለተኛውን ልትነክስ ዳቦውን ወደ አፏ ስታስጠጋ፣ ከዳሩ ነጭ ውሃ ጠብ ብሎ ቀሚሷ ላይ አረፈ። ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለሰችና የስጎውን ጠርሙስ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘወር አደረገችው። ባለፈው ሰኞ ማንኪያ ቀጥ አድርጎ ያቆም የነበረው፣ ከእንቁላል፣ ከዘይትና ከኮምጣጤ የተሠራው ነጭ ስጎ እንደ ሳሙና እጣቢ ቀጥኗል። በላዩ ቢጫ ውሃ አቅርሯል። ከጠርሙሱ አፍ ጠርዝ ወደ ውስጥ ደግሞ አንድ ቀጭን፣ የሚዝለገለግ ክር ወርዷል።

 ጠርሙሱን ግን ከእጇ አላስቀመጠችም።

ሥራዋ ይኸው ነው። አሥራ አንድ ዓመት በስጎ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ስታሸትና ስትቀምስ ኖራለች፤ የሥራ ባልደረቦቿ «አፍንጫ» ይሏታል። ስጎው ውሃ ሆነብን ብለው በስልክ ለሚቆጡ ሰዎች መልሱን በቃሏ ታውቀዋለች። ስጎ ብዙ ሲቀመጥ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል፤ አልተበላሸም፣ ነቅንቁት፣ ይመለሳል። ማቀዝቀዣው ስጎውን አቀዝቅዞ በረዶ ካደረገው ግን ዘይቱና ውሃው ይጣላሉ፤ እነሱ አንዴ ከተጣሉ ደግሞ ሽማግሌ አያስታርቃቸውም።

ክዳኑን ገጥማ ነቀነቀችው። አልተመለሰም። የማቀዝቀዣውን ሙቀት አየች፤ አራት ዲግሪ ይላል፣ በረዶ የሚሠራ ቅዝቃዜ አይደለም።

የቀረው ሦስተኛው ምክንያት ነበር። እሱን ለደንበኞች በግልጽ አትናገርም፤ «ንጹሕ ማንኪያ ይጠቀሙ» ብላ ስልኩን ትዘጋለች። ስጎውን ወፍራም የሚያደርገው ስታርች ነው፤ ስታርችን የሚፈታው ደግሞ ምራቅ። ሰው የላሰውን ማንኪያ መልሶ ከነከረ፣ አፉ የጀመረው ሥራ ጠርሙሱ ውስጥ ይቀጥላል፤ በቅዝቃዜው፣ ቀስ እያለ፣ ቀንም ሌትም።

ከመድኃኒት ሣጥኑ አዮዲን አወጣች፤ አዮዲን ስታርች ሲያገኝ ይጠቁራል። ገና ካልተከፈተ ሌላ ጠርሙስ ጥቂት ቀድታ አንድ ጠብታ ብታደርግበት ወዲያው እንደ ቀለም ጠቆረ። የቀጠነው ላይም ጠብ አደረገች። ቢጫ እንደሆነ ቀረ።

ዳቦውን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወርውራ አፏን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠች። የዋጠችው ግን ውስጧ ነው።

በቤቱ የሚኖሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ባሏ ኮምጣጤ ከሸተተው ከገበታ ይነሳል። እሷ ስጎውን የምትቀባው በንጹሕ ቢላዋ ነው። የቀሩት የባሏ አባት ናቸው።

ያ ደግሞ ነገሩን አባሰባት። አባባ ሠላሳ ዓመት ርዕሰ መምህር ነበሩ፤ ጥፍሩ የቆሸሸ ተማሪ በር ላይ የሚያስቀሩ። ሚስታቸው ሞተው ወደ ልጃቸው ቤት ከመጡ ወዲህ እንኳ ክራቫት ሳያስሩ ቁርስ ላይ ቀርበው አያውቁም። ገበታ ላይ ሁለት ጊዜ ቆረስ አድርገው «እኔ ጠግቤያለሁ» ይላሉ። ታዲያ ጨዋነቱ ለገበታ ብቻ ኖሯል?

ፋብሪካው መብራት ጠፍቶበት በእኩለ ቀን የተመለሰች ስለሆነ፣ ለእግር ጉዞ የወጡት ሽማግሌ መምጣቷን አያውቁም። መኝታ ቤት ገብታ ለባሏ ደወለች።

«አባባ እህትህ ጋ ይሂዱ። ዛሬውኑ።»

«ምን ተፈጠረ?»

የሆነውን ነገረችው። «በአንድ ጠርሙስ ስጎ አባቴን ላስወጣ?» አላት።

«ምራቃቸውን በልቻለሁ» አለች። «ገባህ? በልቻለሁ።»

የውጭው በር ሲከፈት ሰማች። ቀጥሎ የማቀዝቀዣው በር። ስልኩን ዘግታ በመተላለፊያው ቀስ ብላ ሄደች።

ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ ማቀዝቀዣው ፊት ቆመዋል። ከደረት ኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለች ማንኪያ አወጡ፤ ነከሩ፣ ላሱ። አንገታቸውን አስግገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጠጠር እንደሚውጥ ሰው ታገሉና ዋጡ። ጉሮሯቸው ቋቅ የሚል ድምፅ አወጣ። ከዚያ ያችኑ ማንኪያ፣ ምራቅ እያንጠባጠበች፣ መልሰው ነከሯት።

የበላችው ወደ ጉሮሮዋ መጣ።

«አባባ።»

ዘወር አሉ። ጢማቸው ላይ ነጭ ነገር ተንጠልጥሏል። ማንኪያዋን ከኋላቸው ደበቋት።

«ቤት ነሽ እንዴ?»

«ከአፍዎ ያወጡትን መልሰው ይከታሉ። እኔ የምበላው ውስጥ።»

ለመካድ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን አልካዱም። «አዎ» አሉ። «ነውር ነው።»

«ሳህን አለ። ስኒ አለ።»

«ዕቃ ከቆሸሸ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነው።»

«ምን ብዬ ነው የምጠይቅዎ? ምግብ አይደል እንዴ? ለምን ከእኛ ጋር አይበሉም?»

ሽማግሌው ጠርሙሱን አዩት እንጂ እሷን አላዩም። «አልወርድ አለኝ» አሉ። «ዳቦው አይወርድም፤ ሥጋው አይወርድም። ይሄ ያቃጥላል፤ ግን ይወርዳል።»

አንገታቸውን አየችው። በኮሌታቸውና በቆዳቸው መካከል ሁለት ጣት ይገባል። በየማለዳው በክራቫት አጥብቀው አስረውት ሲቀርቡ ከፊታቸው ተቀምጣ ቁርስ ስትበላ ከርማለች።

ልቧ ይራራል ብላ ጠበቀች። የመጣው ግን ያው ማቅለሽለሽ ነበር፤ አሁን በራሷም ጭምር የመጣ።

«አልወርድ ያለዎ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዝናቡ ሳይገባ።»

ዝናቡ ካባራ ወር አልፎታል። ወደ ቧንቧው ሄዳ፣ ናሙና ከመንካቷ በፊት እንደምታደርገው እጇን እስከ ክንዷ ታጠበች።

«ወደ መስኮቱ ይምጡ። አፍዎን ልየው።»

«ይሸታል፣ ልጄ።»

«እንጀራዬ ማሽተት ነው።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አወለቁና በመሐረቡ ጠቀለሉት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አነሱ፤ መስኮቱ ጋ መጥተው ቆሙና አፋቸውን ከፈቱ።

ሽታው ደረሰባት። የገማ እንቁላል አይደለም፤ የቆየ ዘይት አይደለም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስም ያላወጣችለት ሽታ ነበር። ትንፋሿን ያዘች። ይዛ ግን መናገር አልቻለችም፤ ስለዚህ ለቀቀችውና ተነፈሰች።

ከምላሳቸው ሥር፣ በግራ በኩል፣ ጠርዙ የነጣ፣ መሐሉ የተሰነጠቀ ነገር አለ። የጥርስ ፍትጊያ ያቆሰለው አይመስልም።

«ምን አለ?» አሉ አፋቸውን ሳይዘጉ፤ ቃሉ ቅርጽ አልነበረውም። ዓይናቸው ፊቷን ይፈትሻል።

ፊቷን እንዳይኮማተር ይዛ፣ አገጫቸውን በግራ እጇ ደገፈችው። ምራቃቸው በጣቶቿ መካከል ሞቅ ብሎ ወረደ።

«ትንሽ ከፈት ያድርጉት፣ አባባ» አለች። «ገና አላየሁትም።»