ውሃው ሲጎድል

ዝናብ በጠፋበት በዚያ ዓመት የአዳማ ጉድጓዶች ነጠፉ። የባቡር ጣቢያው ሹምም ለከብት አዘነና ፈቀደ፦ የማታው ባቡር እስኪደርስ ከትልቁ የብረት ጋን ውሃ ወደ ገንዳው ይለቀቅ፤ የተረፈው ለባቡሩ ነው።

ቧንቧውን የሚጠብቀው ወጣቱ ንዋይ ነበር። ጧት ውሃው እየተንፎለፎለ ሲወርድ ተራው የኦቦ ኢተፋ ሆነ። መንጋቸውን ሊያስጠጉ ሲሉ ጆቴ የሚባል ነጂ ጥማት ያንገላታቸውን ከብቶች ከደራ ነድቶ ደረሰ።

«እንግዳ ከብት ቆሞ የደጅ ከብት አይጠጣም» አሉ ኢተፋ። ወደ ንዋይም ዞረው፣ «ግን አንተ የተማርከው፣ ኋላ ለእኔ ይደርሰኛል?»

ተራ የሚጠብቁት ሽማግሌዎች ሁሉ ዞረው አዩት። ንዋይ አንዱ ገንዳ የሞላበትን ጊዜ ይዞ እዚያው በመንጋዎቹ ቁጥር አባዛና፣ «ባቡሩ ሳይመጣ ሁላችሁም ታጠጣላችሁ!» አለ።

«እኛ ለመቁጠር ጣታችንን ሳንዘረጋ እሱ ጨርሷል!» ብሎ ጆቴ ሳቀ። ንዋይን ደስ አለው። ኢተፋም ተራቸውን ለጆቴ ለቀው ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄዱ።

ከቀትር በኋላ ውሃው ቀጠነ። ንዋይ ቀና ብሎ ወደ ጋኑ አየ። የጣቢያው መሃንዲስ በጠመኔ አስተምሮት ነበር፤ ጋኑ ሲጎድል ከላይ የሚጫነው ውሃ ያንሳል፣ ግፊቱ ሲያንስ አወራረዱ ይዘገያል፤ በየቅጽበቱ የሚወጣው የሚወሰነው በዚያች ቅጽበት በቀረው ውሃ ከፍታ ነው። ያን ለውጥ በእኩልታ ጽፎ መፍታትም ይችል ነበር። ግን ያ ቁጭ ብሎ መሥራትን ይጠይቃል፤ ጧት ደግሞ ሽማግሌዎቹ እያዩት ነበር።

ባቡሩ ከሩቅ ሲያፏጭ ቧንቧውን ዘጋ። የኢተፋ ላሞች ባዶ ገንዳ ይልሱ ጀመር።

«አንተ ምን ታደርግ፣ ልጄ» አሉ ኢተፋ። «ውሃው ነው የከዳን።»

ንዋይ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ።

«ውሃው አልከዳም፣ ኦቦ። እንደሚቀጥን አውቅ ነበር። ፈጣን ለመባል ብዬ ሳላሰላ ተናገርኩ።»

ኢተፋ ቀና ብለው አላዩትም። ጉልበቷ የከዳትን ጥጃ በእጃቸው ዳበሱ።

«እንግዲያው ይህቺን ተሸከማት። በእግሯ አዋሽ ወንዝ አትደርስም።»

ባቡሩ ውሃውን ቀድቶ እንደወጣ ንዋይ ጥጃዋን ትከሻው ላይ አደረገ። ጆቴ ከጠገቡት ከብቶቹ መሃል ሊቀልድበት አፉን ከፈተና ተወው። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ኢተፋ መንጋውን እየመሩ ወደ አዋሽ አቀኑ፤ ንዋይም ከኋላ ከኋላ፣ አቧራቸውን እየዋጠ ተከተላቸው፤ ከኢተፋ አጠገብ ሊራመድ አልደፈረም።