ጧት ከቁርስ በኋላ

ሐኪም የሚቆጣው ለበሽተኛው አስቦ ነው የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። እኔ ያን ሐሙስ የተቆጣሁት ከጥናቴ ስለተነሣሁ ነው። ቅዳሜ ጎንደር ላይ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ መግቢያ ፈተና አለብኝ። ሁለት ጊዜ ወድቄበታለሁ። ሦስተኛውን ብወድቅ የዳባት ዘመዶቼ «ፀጋ ዛሬም እዚያው ደባርቅ ናት?» ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ ዋና ዋናውን በትንንሽ ካርድ ጽፌ በጋዋኔ ኪስ ይዤ እዞራለሁ። በሽተኛ ገብቶ እስኪቀመጥ እንኳ አንድ ካርድ አነባለሁ።

መሪጌታ ገብረ ኪዳንን ከአምባራስ በጭነት መኪና አምጥተው ሆስፒታላችን ድንገተኛ ክፍል አስተኟቸው። የዜማ መምህር ናቸው። የቆየ ቲቢ ከኩላሊት በላይ ያሉትን እጢዎች ስላበላሸባቸው፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ ክኒን ዕድሜ ልካቸውን በየቀኑ መዋጥ አለባቸው። ክትትላቸውም እኔ ጋ ነው። ያን ቀን ዓይናቸውን መግለጥ አቅቷቸዋል። የደም ግፊታቸው ስልሳ በሠላሳ፣ ስኳራቸው አርባ አንድ። ካርዴ ላይ ያለው ነገር ነው፤ በቃሌ አነበንበዋለሁ። ስቴሮይድ በድንገት አይቋረጥም፤ ከተቋረጠ ግፊት ይወርዳል፣ ስኳር ይወርዳል፣ ሶዲየም ይወርዳል፣ ፖታሺየም ይጨምራል። የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ ሃይድሮኮርቲሶን የሚባለው መርፌ ይሰጣል። ሰጠሁ። ነርሷ ሸጊቱም በአንድ እጃቸው ሳላይን፣ በሌላው ግሉኮስ ቀጠለችላቸው።

እጄ ሥራውን ሲጨርስ አፌ ጀመረ። ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ባለቤታቸው ወለተ ጊዮርጊስ ተራ ከሚጠብቁት ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

«መድኃኒቱን ማን አስቆማቸው?»

«ማንም አላስቆማቸው፣ ልጄ። ጾሙ ስለ ገባ…»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። «ልትገድያቸው ነው እንዴ!» ብዬ ጮኽኩ። በእናቴ ዕድሜ ያሉትን ሴት አንቺ አልኩ። «ክኒን ጾም ይሽራል ያለሽ ማነው? ድንቁርና ነው ይሄ!» ሃያ ሰው ይሰማል። ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። እኔ ደግሞ ቀለለኝ። አፍራለሁ፣ ግን ቀለለኝ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ የመሪጌታ ግፊት መቶ ደረሰና ዓይናቸውን ገለጡ። የእኔ ንዴት ግን ገና አልበረደም።

«መሪጌታ፣ ለጾም ብለው ሊሞቱ ነበር እኮ!»

«የለም» አሉ ቀስ ብለው። «ክኒኑንስ የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኛል። መድኃኒት ነው፣ ሳታመነታ ውሰድ ብለውኛል።»

«ታዲያ ለምን ተዉት?»

«አንቺ እኮ ነሽ ያለ ምግብ እንዳልወስድ ያዘዝሽኝ።»

ከጋቢያቸው ጥግ የታሰረውን እንድፈታ በዓይናቸው አሳዩኝ። የክኒኑ ዕቃ አለ፤ ከእሱ ጋር ቁራጭ ወረቀት። ለበሽተኞቼ አወሳሰዱን በእጄ ጽፌ መስጠት ልማዴ ነው፤ እኮራበትም ነበር። ወረቀቱ «በቀን አንድ፣ ጧት ከቁርስ በኋላ። በባዶ ሆድ አይወሰድ። ማታ አይወሰድ» ይላል።

«ሰኞ ጧት ቁርስ የለም» አሉ መሪጌታ። «ማክሰኞም የለም። እስከ ዓርብ የምንቀምሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፤ ያ ጧት አይደለም፣ የማታውን ደግሞ ከልክለሻል። ቅዳሜና እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስለምንበላ ወሰድሁ። የሐኪም ቃል ነው ብዬ ዝንፍ አላልሁም።»

ክኒኖቹን ቆጠርኩ። ከሠላሳው ሃያ ስድስቱ አሉ። የጎደሉት የሁለት ቅዳሜና የሁለት እሑድ ናቸው።

ወረቀቱን የጻፍኩት የሁዳዴ የመጀመሪያው ሰኞ ነው። እኔም እኮ እጾማለሁ! ያን ሰኞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አልቀመስኩም። ሆዴ እየጮኸ፣ ዓይኔ ካርዱ ላይ እንደ ሆነ፣ ለመሪጌታ ቁርስ አዘዝኩላቸው። በሁዳዴ ሰኞ ጧት ቁርስ የሚበላ መሪጌታ የት አገር አይቼ ነው? ራሴን በጥፊ ማጮል አማረኝ።

ወለተ ጊዮርጊስን ጠርቼ ክፍሌ አስገባሁና በሩን ዘጋሁ። ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። «እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ይድናሉ?»

«ይድናሉ። አሁን ደኅና ናቸው።»

«ተመስገን።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ የተዘጋውን በር አዩት። «ስትሰድቢኝ ግን ኮሪደር ላይ ነበር።»

እኔም በሩን አየሁት።

«ይቅርታውን በር ዘግተሽ አመጣሽው። እዚያ ከተቀመጡት ሰባቱ የአምባራስ ሰዎች ናቸው። እኔ አገሬ የምገባው ባሏን ልትገድል ነበር ተብዬ ነው።»

እንደገና ተናደድኩ። እውነታቸውን ስለሆነ ነው የተናደድኩት። ተነሥቼ በሩን ከፈትኩ።

«ስሙኝ!» አልኩ። የወጣው ያው ስቆጣ የሚወጣው ድምፄ ነው፤ ሌላ አልነበረኝም። «ቅድም እኒህን እናት የሰደብኩት ያለ ጥፋታቸው ነው። መሪጌታ መድኃኒቱን ያልወሰዱት እኔ በጾም ከቁርስ በኋላ ውሰዱ ብዬ ስለጻፍኩ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ከአግዳሚው ጫፍ አቶ እንግዳው የሚባሉ የስኳር በሽተኛዬ ተነሡ፤ ከኮታቸው ኪስ ቁራጭ ወረቀት አወጡ።

«እንግዲያ የኔንም እዪልኝ፣ ዶክተር።»

ከኋላቸው አንዲት ሴት ከመቀነቷ ፈታ አወጣች። ሦስተኛ እጅ ተዘረጋ፤ አራተኛም። ጽሑፉ የሁሉም የእኔ ነው። ጧት ከቁርስ በኋላ ይላል።

ባዶ ወረቀት አልያዝኩም። የፈተናውን ካርዶች ከኪሴ አወጣሁ፤ ጀርባቸው ንጹሕ ነው። አቶ እንግዳው አጠገብ ተቀመጥኩና እስክርቢቶዬን ከፈትኩ።

«አባባ፣ በጾም የሚቀምሱት ስንት ሰዓት ነው?» አልኳቸው።